የባልደረባዎ ጥይት ለእርስዎ ጠመንጃ አልተሠራም

የጠያቂው ደብዳቤ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ካዮቲ (ቀበሮ መሰል የሰሜን አሜሪካ አውሬ) ለማደን ኤአር-15፣ በጋዝ በራሱ የሚጎርስ ጠመንጃ፣ ገዛሁ፤ አፈሙዙ 18 ኢንች፣ የቦዩ ጥምዘዛ 1 በ8 (አረሩን በየ8 ኢንቹ አንዴ የሚያዞር)፣ ቻምበሩ (ጥይቱ ሲተኮስ የሚቀመጥበት ቤት) .223 ዋይልድ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ጥይት በእጁ ይሞላል፤ በእሱ ባለ ቦልት ጠመንጃ (ቻምበሩን ከኋላ የሚዘጋው ብረት፣ ቦልቱ፣ በእጅ የሚንቀሳቀስበት) አምስት ጥይት አንድ ቀዳዳ ውስጥ ያስገባል። አሠራሩን ሰጠኝ። 40 ግሬይን (2.6 ግራም) አረር፣ ከተተኮሰ በኋላ አንገቱ ብቻ መልሶ የተጠበበ ቀለሃ፣ አረሩ ቦዩን እስኪነካ ወጣ ያለ፣ ባሩዱ የአሞላል መጽሐፉ የሚፈቅደው ጣሪያ ላይ። ካዝናዬ ውስጥ አልገባ ስላለኝ አረሩን ወደ ውስጥ ገፋሁት። 100 ያርድ ላይ ሁለት ኢንች ተኩል ይበተናል፤ ከአሥር አንዱ ቦልቱን ሳይዘጋ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ባሩድ ልጨምር ወይስ አረር ልለውጥ? ቆዳውንም መሸጥ ስለምፈልግ እንዳይቀደድብኝ።» ከደብዳቤው ጋር የአራት የተተኮሱ ቀለሃዎች ፎቶና የአንድ ካዮቲ ፎቶ አሉ።

ባሩድ አይጨምሩ። እንዲያውም የሞሏቸውን መተኮስ ዛሬውኑ ያቁሙ። በፎቶው ላይ ከአራቱ ቀለሃዎች በሁለቱ ግርጌ፣ ከፋብሪካው ፊደላት ጎን፣ የምስር ፍሬ የምታክል የምታብረቀርቅ ጠባሳ ትታያለች። ናሱ በግፊት ተለጥጦ ቦልቱ ፊት ላይ ወዳለችው የማስፈንጠሪያ ቀዳዳ ይገባና ቦልቱ ሲዞር ይላጫል፤ ጠባሳዋ የዚያ ምልክት ናት። ፕራይመሮቹም፣ ግርጌው መሃል ያሉት የእሳት ቆቦች፣ ክብ ጠርዛቸው ጠፍቶ እንደ ተዳመጠ ሳንቲም ጠፍጥፈዋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ ግፊቱ ከልክ አልፏል ማለት ነው። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። የመጽሐፉ ጣሪያ የተለካው በተወሰነ የጥይት ርዝመት ነው። አረሩን ወደ ውስጥ ሲገፉት ባሩዱ የሚነድበትን ቦታ አጠበቡት፤ ያው ባሩድ በጠበበ ቤት ሲነድ ግፊቱ ይንራል። የ.223 ጣሪያ በካሬ ኢንች 55,000 ፓውንድ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሄድ ሰው ዋጋውን የሚከፍለው በፊቱና በጣቶቹ ነው።

አሁን ወደ ሥሩ እንሂድ። ባልደረባዎ አልዋሸዎትም፤ ለእሱ ጠመንጃ የነገረዎት ሁሉ ትክክል ነው። በባለ ቦልት ጠመንጃ ጥይቱን ወደ ቻምበሩ የሚያስገባው የሰው መዳፍ ነው። ቀለሃው ትንሽ ቢረዝም እጅ ይሰማዋል፣ ጫን ብሎ ይዘጋዋል። በእርስዎ ጠመንጃ ግን ያንን የሚሠራው ሞላ ነው፤ ሞላ ደግሞ አያመዛዝንም። ቀለሃው የፀጉር ያህል ከረዘመ ቦልቱ መጨረሻው ላይ ዞሮ መቆለፍ ያቅተውና ይቀራል። ከአሥር አንዱ የሚቀርብዎ ለዚህ ነው። አንገቱ ብቻ የተጠበበ ቀለሃ ገላው ከተተኮሰበት ቻምበር ልክ እንደሰፋ ስለሆነ፣ በራሱ ለሚጎርስ ጠመንጃ ጨርሶ አይሆንም። ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ ቀለሃውን ከአንገት እስከ ግርጌ ሙሉ በሙሉ መልሶ ማጥበብና ትከሻውን ከተተኮሰበት ልክ ከ3 እስከ 4 ሺሕኛ ኢንች ወደ ኋላ መመለስ፣ ማለትም አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ገደማ። ከዚያ በታች ከሆነ ይነክሳል፤ በጣም ከበዛ ደግሞ ቀለሃው በየተኩሱ እየተለጠጠ ከግርጌው በላይ ባለው ወገቡ ይበጠሳል።

ይህን ለመለካት ካሊፐር (ባለ መንጋጋ መለኪያ) ላይ የሚገጠም፣ የትከሻውን ልክ የሚይዝ ቁራጭ መለኪያ ያስፈልግዎታል። ቀለሃውን በሚያጠብበው የብረት ቅርጽ፣ በዳዩ ላይ የተጻፈውን «እስኪነካ ያጥብቁ» የሚል መመሪያ አምነው አይለፉ፤ የዳይና የቻምበር ልክ ከጠመንጃ ጠመንጃ ይለያያል። አንድ የሚያሳስት ነገርም አለ። በጋዝ የሚሠራ ጠመንጃ ቀለሃውን የሚስበው ውስጡ ገና ትንሽ ግፊት እያለ ስለሆነ፣ የተተፋው ቀለሃ ከቻምበሩ ትክክለኛ ልክ ረዝሞ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ይዘው አይቀመጡ፤ በጆሮም ይፈትኑት። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይተው የላይኛውን ክፍል ይፍቱ፣ ቦልቱን ያውጡ፣ ቻምበሩን ያጽዱ፤ ከዚያ የተጠበበ ባዶ ቀለሃ ይጣሉበት። «ቱክ» ብሎ ይገባል፤ አፈሙዙን ሽቅብ ሲያዞሩት ሳይነካ በራሱ ክብደት ይወድቃል። መጎተት ከፈለገ ዳዩ ገና ነው። እኔ በእያንዳንዱ ዙር ከመቶው ውስጥ አሥሩን እንዲህ እጥላለሁ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ቀለሃዎቹን በግርጌ ማኅተማቸው ይለዩ። በአንድ ቆርቆሮ የተደባለቀ ናስ ውስጡ የሚይዘው ቦታ ይለያያል፤ ያ ልዩነት ዒላማው ላይ ይታያል። ሚዙሪ ውስጥ በሚገኘው የሌክ ሲቲ ፋብሪካ የተሠራው ወታደራዊ ናስ ጠንካራና በየቦታው የሚገኝ ነው፤ ነገር ግን ፕራይመሩ ዙሪያ በፋብሪካ የተቀጠቀጠ ቀለበት ስላለው ያ ሳይነሣ አዲስ ፕራይመር አይገባም፣ በግድ ሲገባም ይጣመማል። የቀለሃው ርዝመት ከ1.760 ኢንች እንዳያልፍ ወደ 1.750 ይከርክሙት።

ፕራይመር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ባለ ቦልት ጠመንጃ የያዘ ሰው ይህን ሊነግርዎ አይችልም። የእርስዎ ጠመንጃ መቺ መርፌ በሞላ አልተያዘም፤ ቦልቱ ሲወነጨፍ በራሱ ፍጥነት ወደፊት ይሄዳል። አንድ ጥይት ጎርሰው ሳይተኩሱ መልሰው ያውጡና ፕራይመሩን ይመልከቱ። መሃሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጭረት ያያሉ። የሁሉም ኤአር ነው፤ አይደንግጡ። ነገር ግን ፕራይመሩ ቆዳው ስስ ከሆነ ወይም ከግርጌው ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ምላጭ ሳይሳብ ሊተኮስ ይችላል። ስለዚህ ቆዳው ወፈር ያለውን ይጠቀሙ፤ ሲሲአይ 450፣ ሲሲአይ 41 ወይም ሬሚንግተን 7½። ሬሚንግተን 6½ን ለ.223 አምራቹ ራሱ ይከለክላል። እያንዳንዱን ፕራይመር ከጨረሱ በኋላ በጣትዎ ጫፍ ይዳስሱት፤ ጠልቆ ሊሰማዎ ይገባል፣ እኩል ከሆነም አልወደውም።

ካዮቲ አዳኝ ደግሞ ከሌላው የባሰ ጉዳይ አለበት። በአንድ ቀን ስምንት ወይም አሥር ቦታ ይቀመጣሉ፤ ይጠራሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ምንም ሳይመጣ ተነሥተው ወደ መኪናው ይመለሳሉ። በኮሎራዶ ሕግ ቻምበሩ ውስጥ ጥይት ይዞ መኪና መግባት ክልክል ስለሆነ በየቦታው ያወጡታል፣ በየቦታው መልሰው ያጎርሱታል። ብዙ ሰው ያንኑ አንድ ጥይት ካዝናው አናት ላይ ይመልሰዋል። ማታ ላይ ያ ጥይት አሥር ጊዜ ተወንጭፏል፤ ፕራይመሩ አሥር ጊዜ ተነክቷል፣ አረሩም በየምቱ ወደ ውስጥ ሸርተት ብሎ ሊሆን ይችላል። አረር ወደ ውስጥ ሲገባ ግፊቱ ምን እንደሚሆን ከላይ አይተናል። የእኔ ልማድ፣ አንድ ጊዜ ጎርሶ የወጣን ጥይት ለብቻው ኪስ ውስጥ ማድረግና ቤት ስመለስ በካሊፐር መለካት ነው።

አረሩ እንዳይንሸራተት የሚይዘው የአንገቱ ጥብቀት እንጂ አፉን መቆንጠጥ አይደለም። አንገቱ ከአረሩ ከ2 እስከ 3 ሺሕኛ ኢንች ጠበብ ካለ ይበቃል። ሞክረው ይዩት፦ ዒላማ ሜዳ ላይ፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው አድርገው፣ ርዝመቱን የለኩትን ጥይት ያጎርሱና አውጥተው እንደገና ይለኩ። ከነበረበት ካልተነቃነቀ መቆንጠጫ ዳይ አያስፈልግም። ቀጭን ሽፋን ያለውን የአደን አረር አጥብቆ መቆንጠጥ አረሩን ያበላሻል።

አሁን ወደ አረሩ። «ፈጣን ሲሆን ይሻላል» የሚለው ሐሳብ የባልደረባዎ ብቻ አይደለም፤ የብዙ ሰው ነው። 40 ግሬይን አረር በሰከንድ 3,500 ጫማ ሲወጣ በ1 በ8 ጥምዘዛ በደቂቃ 315,000 ጊዜ ይሾራል። ለዘገየ ጥምዘዛ የተሠሩ በጣም ስስ ሽፋን ያላቸው አረሮች በዚህ የመሾር ፍጥነት አየር ላይ ሊበተኑ ይችላሉ። የሚችሉትም ቢሆኑ የሽፋናቸው ጥቃቅን ጉድለት በመሾሩ ይጎላል። ከዚያ በላይ ደግሞ አጭር አረር በዋይልድ ቻምበር (ቦዩ ራቅ ብሎ በሚጀምርበት) ቦዩን እስኪነካ ቢወጣ አንገቱ ውስጥ የሚቀረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ካዝናውም ከ2.260 ኢንች የረዘመ ጥይት አይቀበልም። «ቦዩን ማስነካት» የሚባለውን ነገር ይርሱት። በጥሩ አፈሙዝ አረሩ ዘሎ ቢገባም በደንብ ይተኩሳል።

ካዮቲ ሲያዩት የሚመስለውን ያህል ትልቅ እንስሳ አይደለም፤ አብዛኛው ከ9 እስከ 16 ኪሎ ነው፣ ቀሪው ፀጉር ነው። (የላኩልኝ ሁለተኛ ፎቶ ላይ ያለውን አገር ቤት ያለ ሰው ቢያየው ከባሌው ቀይ ቀበሮ ጋር ይመሳሰልበታል፤ አይገርምም፣ ዘመዳሞች ናቸው። ልዩነቱ ካዮቲ አህጉሩን የሞላ መሆኑ ነው፤ የእኛው ጎልማሳ ቀይ ቀበሮ ግን 500 አይሞላም፣ በሕግም የተጠበቀ ነው።) ለዚህ እንስሳ ከ50 እስከ 55 ግሬይን፣ ጫፉ ፕላስቲክ የሆነ አረር ትክክለኛው መሃል ነው። ሲገባ ትንሽ ቀዳዳ ትቶ ውስጥ ይፈርሳል፣ ብዙ ጊዜም በሌላው ጎን አይወጣም። 40ው የጎድን አጥንት መሃል ካገኘ ቆዳ ይጠብቃል፤ የትከሻ አጥንት ካገኘ ግን ላዩ ላይ ፈንድቶ እንስሳውን አቁስሎ ሊሰደው ይችላል። ይህ ከተቀደደ ቆዳ የከፋ ነው። በውድድር ዒላማ የሚመሰገኑት ባለ ቀዳዳ ጫፍ አረሮች፣ ለምሳሌ 69 ግሬይኑ ሲየራ ማችኪንግ፣ ለአደን አልተሠሩም፤ አንዴ እንደ መርፌ ያልፋሉ፣ አንዴ ሰፊ ቀዳዳ ይከፍታሉ። ሙሉ ሽፋን ያለውን ወታደራዊ አረር ጨርሶ አይጠቀሙ፤ ያቆስላል፣ በረዶ በደደረው መሬት ላይም ነጥሮ የት እንደሚሄድ አይታወቅም።

ቆዳን በተመለከተ አንድ እውነት ልንገርዎ። እንስሳው ዞር ባለበት ቅጽበት ከተመታ የትኛውም አረር ቆዳ እንደሚጠብቅ ዋስትና አይሰጥም። የካዮቲ ቆዳ ገበያም በፊት እንደነበረው አይደለም፤ የኮፍያ ጠርዝ በካዮቲ ፀጉር ይሠራ የነበረው የልብስ ድርጅቱ ካናዳ ጉዝ እ.ኤ.አ. በ2021 ፀጉር መጠቀም እንደሚያቆም ካስታወቀ ወዲህ ትልቅ ገዢ ጠፍቷል። በቆዳው ወጪ እሸፍናለሁ ብለው አይቁጠሩ። ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግረው የሚያድኑ ከሆነም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በእርሳስ አረር ማደን የተከለከለ ስለሆነ የመዳብ አረር ሌላ ዝግጅት ይፈልጋል።

ባሩድ የምመርጠው በዒላማው ብቻ ሳይሆን በቴርሞሜትሩም ነው። የካዮቲ ፀጉር የሚያምረው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው የብርዱ ወራት ነው፤ ጥይቱ የሚዘጋጀው ግን ብዙ ጊዜ በሐምሌ ሙቀት ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ኔብራስካ ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ በሆነ አንድ የጥር ጠዋት ነው። በበጋው ያዘጋጀሁት ጥይት ኤች 335 የሚባል ባሩድ ነበረው፤ እንደ ጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ ከመስፈሪያው እንደ ውሃ ይፈሳል፣ ለመሙላት የሚመቸውን ያህል ግን ለብርድ ይሰንፋል። ጥንድ መጡ፤ ወቅቱ የሚጣመሩበት ነው። የመጀመሪያው ወደቀ። ቦልቱ በብርድ ከረጋው ቅባትና ከደከመው ጋዝ የተነሣ ቀለሃውን ተፋ እንጂ ቀጣዩን ጥይት ለማንሣት የሚበቃ ወደ ኋላ አልሄደም። ሁለተኛው ካዮቲ 60 እርምጃ ላይ ቆሞ አየኝ፣ እኔም በባዶ ቻምበር አየሁት፣ ከዚያ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለብርድ የምጠቀመው ሙቀት ሲለዋወጥ ብዙ የማይቀያየሩትን ቤንችማርክን ወይም አይኤምአር 8208 ኤክስቢአርን ነው። ቫርጌትም ብርድ ይችላል፤ ግን ፍሬው ረጅም ስለሆነ መስፈሪያው ላይ ይጋደማል፣ በ.223 ቀለሃም ቶሎ ይሞላል፤ ለከባድ አረር ይተዉት። የቦልቱን ቅባት ደግሞ ቀጭን ያድርጉት። በብርድ የተሠራ ጥይት በበጋ መኪና ውስጥ 50 ዲግሪ ሲሞቅ ግፊቱ ሊወጣ እንደሚችልም ያስቡ፤ ጣሪያው ላይ መሙላት ሞኝነት የሚሆንበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው።

የባሩዱን መጠን በቁጥር አልጽፍልዎትም። ቁጥሩን ከባሩዱ አምራች ወቅታዊ ሠንጠረዥ፣ ለዚያው አረር ከተሰጠው መነሻ ይውሰዱና በ0.3 ግሬይን እየጨመሩ ይውጡ፤ ፕራይመር ወይም ናስ ከለወጡ ወደ መነሻው ይመለሱ። በሜትሪክ ላደግን ሰዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ሚዛንዎ ላይ ያለችው ቁልፍ ግሬይንና ግራምን ትቀያይራለች። አንድ ግራም 15.4 ግሬይን ነው። ከእያንዳንዱ ምዘና በፊት የትኛው እንደበራ ይዩ። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ በላይ የባሩድ ዕቃ አይኑር፣ አረር ከማስቀመጥዎ በፊትም ሁሉንም ቀለሃ በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ሲተኩሱ ድምፁ «ፍስስ» ካለና ቦልቱ ካልተንቀሳቀሰ ሌላ አያጉርሱ፤ አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ስለ መበተኑም ልናገር። ሦስት ጥይት ተኩሶ ሦስቱ ሲነካኩ ፎቶ ማንሣት ቀላል ነው፤ አራተኛውና አምስተኛው ናቸው እውነቱን የሚያወጡት። አንድን አሠራር የምቀበለው አሥር ጥይት በአንድ ዒላማ ላይ ሳይ ነው። ከፋብሪካ ከወጣ ኤአር አሥር ጥይት በ100 ያርድ አንድ ኢንች ከሩብ ውስጥ ከገባ በጣም ጥሩ ነው፤ የካዮቲ ደረት ከዚያ ብዙ ይሰፋል። ግማሽ ኢንች ለመቀነስ አንድ ሙሉ በጋ ከመፈተን ይልቅ በምሥራቅ ኮሎራዶ ሜዳ ያለውን ነፋስ ያጥኑ። በሰዓት 16 ኪሎሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ 55 ግሬይኑን አረር በ200 ያርድ 10 ሳንቲሜትር ያህል ይገፋዋል። ያ በሚዛን ላይ የሚስተካከል ስሕተት አይደለም።

እንግዲህ የምመክርዎ ይህ ነው። 53 ግሬይን ሆርናዲ ቪ-ማክስ ይግዙ፤ ለክብደቱ አየር በደንብ ይቆርጣል፣ ከ1 በ8 ጥምዘዛ ጋርም ይስማማል። ካጡት 55 ግሬይኑ ወይም 55 ግሬይን ሲየራ ብሊትዝኪንግ ሥራውን ይሠራል። ባሩዱ ቤንችማርክ፣ እሱ ከጠፋ 8208፤ ሁለቱም ከአውስትራሊያ የሚመጡ ስለሆኑ ሲገኙ ሁለት ዕቃ ይያዙ። ሲሲአይ 450 ፕራይመር፣ አንድ ማኅተም ያለው ሌክ ሲቲ ናስ፣ ሙሉ በሙሉ የተጠበበ፣ ትከሻው 3 ሺሕኛ የተመለሰ፣ አጠቃላይ ርዝመቱ አምራቹ ለዚያ አረር የሰጠው፣ ያለ መቆንጠጥ። ባሩዱ ከጣሪያው ዝቅ ብሎ፣ ቦልቱ በመጨረሻው ጥይት ሁልጊዜ ወደ ኋላ ተከፍቶ በሚቀርበት መጠን ላይ ይቁም። ዜሮውን፣ አረሩ ልክ ያነጣጠሩበት ላይ የሚያርፍበትን ርቀት፣ 200 ያርድ ላይ ያድርጉ፤ 100 ላይ 4 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ 300 ላይ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ይወርዳል። ከዚያ በላይ ለርቀት አይተኩሱ፤ መጥራትን ይማሩ።

በዓመት የሚተኩሱት ሁለት መቶ ጥይት ብቻ ከሆነ ግን ፕሬሱ (ጥይት መሙያው መጫኛ)፣ ዳዩና ሚዛኑ ወጪያቸውን አይመልሱም። ባለ 55 ግሬይን ቪ-ማክስ የፋብሪካ ጥይት ሁለት ሦስት ዓይነት ገዝተው አሥር አሥር ይተኩሱ፤ የተሻለውን በብዛት ይያዙ። ያንንም ቢሆን በብርድ ሳይፈትኑ አደን ላይ አይውጡ። የትኛውንም መንገድ ቢይዙ ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት አይተኩሱ፣ የእርስዎንም ለሌላ አይስጡ፤ በገንዘብ ለመሸጥ መሙላት ደግሞ የፌዴራል ፈቃድ ይጠይቃል።

የቀሩትን 40 ግሬይን ጥይቶች በመዶሻ መሰል የአረር ማውጫ ይፍቷቸው፤ የዓይን መከላከያ ያድርጉ፣ አረሩ ከወጣ በኋላ ቀለሃውን፣ ፕራይመሩ ገና ስላለበት፣ አይምቱ። ባሩዱን ወደ ዋናው ዕቃ አይመልሱት፤ ግቢው ሣር ላይ ስስ አድርገው ይበትኑት። አረሮቹን ለባልደረባዎ ይስጡ፤ በእሱ ጠመንጃ ጥሩ ናቸው።